ሊቮኒያ በሩሲያ ዛሮች አገዛዝ ሥር (1710–1917)፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የባልቲክን አገሮች ታሪክ የሚያነብ ሰው ሊቮኒያ የሚል ስም በየገጹ ያገኛል። ካርታ ዘርግቶ ቢፈልጋት ግን አያገኛትም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ይህች ጠቅላይ ግዛት በሩሲያ ዛሮች (ነገሥታት) ሥር ባሳለፈቻቸው ሁለት መቶ ዓመታት ላይ ያተኩራሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሩሲያ እስከ 1918 ድረስ በአሮጌው የዩልዮስ ቀን መቁጠሪያ ትጠቀም ስለነበር፣ አንድ ክስተት በተለያዩ መጻሕፍት ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሦስት ቀን ተለያይቶ ቢገኝ አያስገርምም።

ሊቮኒያ የት ነበረች?

ዋና ከተማዋ ሪጋ ነበረች። ደቡባዊ አጋማሿ ዛሬ ሰሜን ላትቪያ፣ ሰሜናዊ አጋማሿ ደግሞ ደቡብ ኢስቶኒያ ነው። በደቡብ ያለው ገበሬ ላትቪያኛ፣ በሰሜን ያለው ኢስቶንኛ ይናገር ነበር። ሁለቱ ቋንቋዎች ምንም ዝምድና የላቸውም። ከሁለቱም በላይ ደግሞ ጀርመንኛ ተናጋሪ መኳንንት፣ ቀሳውስትና ነጋዴዎች ተቀምጠው ነበር። በ1897ቱ የሕዝብ ቆጠራ የግዛቷ ነዋሪ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ጎረቤቶቿ በሰሜን ኤስትላንድ (የዛሬዋ ሰሜን ኢስቶኒያ)፣ በደቡብ ኩርላንድ (የዛሬዋ ምዕራብ ላትቪያ) ሲሆኑ፣ ሦስቱ በአንድነት የባልቲክ ጠቅላይ ግዛቶች ይባሉ ነበር።

ሩሲያ እንዴት ያዘቻት?

በታላቁ የሰሜን ጦርነት፣ ከ1700 እስከ 1721 ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ግዛቷ የስዊድን ነበረች። የሩሲያው ዛር ታላቁ ጴጥሮስ በ1709 ፖልታቫ ላይ የስዊድንን ንጉሥ ካርል 12ኛን ካሸነፈ በኋላ ጦሩን ወደ ሪጋ አዞረ። ከተማዋ ለወራት ተከብባ፣ በመድፍ ስትደበደብና በረሃብ ስትጠበስ ከርማ በሐምሌ 1710 እጇን ሰጠች። የመስክ ማርሻል ሼረሜቴቭ ሪጋ ሲገባ ወረርሽኝ ቀድሞት ገብቶ ነበር። በዚያና በሚቀጥለው ዓመት ቸነፈሩ የአገሬውን ሰው እንደ ቅጠል አረገፈው፤ ነዋሪ አልባ ሆነው የቀሩ መንደሮችም ብዙ ነበሩ። ስዊድን ግዛቷን በይፋ የለቀቀችው በ1721 በኒስታድ ውል ሲሆን፣ ጴጥሮስ በአሸናፊነቱ ላይ 2 ሚሊዮን ታለር ከፍሏል።

አሸናፊው ጴጥሮስ ሆኖ ሳለ ለጀርመን መኳንንት ያን ያህል መብት የሰጠው ለምንድን ነው?

የቀጣዮቹ ሁለት መቶ ዓመታት ታሪክ የተወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ይህን ጥያቄ በጥሞና ማየት ይገባል።

የስዊድን ንጉሥ ካርል 11ኛ በ1680ዎቹ «ርስት ማስመለስ» በሚል መርሐ ግብር የሊቮኒያ መኳንንትን መሬት አብዛኛውን ወደ ዘውዱ ወስዶባቸው ነበር። መኳንንቱ ይህን አልረሱም። ከመካከላቸው ዮሐን ራይንሆልድ ፓትኩል አቤቱታ አቅርቦ ሞት ተፈረደበት፤ አምልጦም በስዊድን ላይ ጦር የሚያስነሳ ወዳጅ ሲፈልግ ኖረ። በመጨረሻ በ1707 ስዊድኖች እጅ ወድቆ አሰቃቂ በሆነ መንገድ ተገደለ።

ጴጥሮስ ይህን ቂም አወቀበት። እጅ ሲሰጡ በተፈረመው ሰነድ የሉተራን ሃይማኖታቸው እንዲጠበቅ፣ ፍርድ ቤቱና አስተዳደሩ በጀርመንኛ እንዲቀጥል፣ የራሳቸው የመኳንንት ጉባኤ እንዲኖራቸው፣ ስዊድን የወሰደችው ርስትም እንዲመለስላቸው ተስማማ። እሱም በምላሹ አውሮፓዊ ትምህርት ያላቸው መኮንኖች፣ ዲፕሎማቶችና አስተዳዳሪዎች አገኘ። ከእሱ በኋላ የነገሡት ዛሮችም፣ እስከ አሌክሳንደር 2ኛ ድረስ፣ ይህን መብት ሲያጸድቁ ኖረዋል።

በዚያ ድርድር ላይ ያልተቀመጠው ገበሬው ብቻ ነበር። ዘውዱ ከስቶክሆልም ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሲዛወር ለገበሬው የተለወጠው የንጉሡ ስም ነው። ጌታው ያው ጀርመናዊው ባላባት ሆኖ ቀጠለ፤ እንዲያውም ክንዱ ከበፊቱ ይልቅ በረታ።

ከሊቮኒያ የተማረከች አገልጋይ የሩሲያ ንግሥት ሆናለች የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ማርታ ስካቭሮንስካ በማሪየንቡርግ ከተማ (የዛሬዋ አሉክስኔ) በቄስ ኤርንስት ግሉክ ቤት ታገለግል ነበር። ግሉክ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላትቪያኛ የተረጎመ ሰው ነው። በ1702 ሩሲያውያን ከተማዋን ሲይዙ እሷም ከምርኮኞቹ አንዷ ሆነች። በኋላ የጴጥሮስ ሚስት፣ እሱ ሲሞትም ከ1725 እስከ 1727 በራሷ ስም የነገሠች ንግሥት ሆናለች፤ ካትሪን 1ኛ የምትባለው እሷ ናት። ለአገሯ ገበሬዎች ግን ከዚህ የተረፈ ጥቅም አልነበረም።

የገበሬው ኑሮ በትክክል ምን ይመስል ነበር?

ገባር ነበር፤ ከመሬቱ ጋር የታሰረ። በሳምንት ውስጥ የተወሰኑ ቀናት በጌታው ሁዳድ ላይ ይሠራል። በአዝመራና በአጨዳ ወቅት ተጨማሪ ሰውና ፈረስ ይልካል። ክረምት ሲሆን እህሉን በበረዶ ተንሸራታች ጋሪ ጭኖ እስከ ሪጋ ወደብ ያደርሳል። በጌታው ርስት ላይ ቢራና አረቄ ይጠመቃል፤ ገበሬው ያንኑ አረቄ ከጌታው መጠጥ ቤት ገዝቶ ይጠጣል።

በ1739 ባሮን ፎን ሮዘን የተባለ የመኳንንቱ ተወካይ ለሩሲያ መንግሥት በጻፈው መግለጫ፣ ገባሩ ራሱም ሆነ ያፈራው ንብረት የጌታው ነው ሲል አስረግጦ አስቀመጠ። ሕግ ሆኖ አልታወጀም፤ የመኳንንቱን አስተሳሰብ ግን ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሚያደርግ ሰነድ የለም። ሰው ከመሬቱ ተነጥሎ ይሸጥ ነበር። ካትሪን 2ኛ በ1764 ግዛቷን ከጎበኘች በኋላ አገረ ገዥዋ ጆርጅ ብራውን፣ በትውልዱ አየርላንዳዊ ነው፣ በ1765 በመኳንንቱ ጉባኤ ፊት ቀርቦ ገደብ እንዲያበጁ ወቀሳቸው። ጥቂት ቃል ገቡ፤ ከቃላቸው በተግባር የዋለው ትንሽ ነበር።

በ1796 ጋርሊብ ሜርከል የተባለ በሊቮኒያ የተወለደ ጀርመናዊ ጸሐፊ የላትቪያ ገበሬዎችን ሰቆቃ የሚያጋልጥ መጽሐፍ ላይፕሲክ ላይ አሳተመ። ከገዛ ወገኖቹ መካከል ተነሥቶ ይህን መጻፍ ቀላል ድፍረት አይደለም። በ1802 ደግሞ በቫልሚየራ አቅራቢያ በካውጉሪ ርስት ገበሬዎች ዱላና የእርሻ መሣሪያ ይዘው ተነሡ፤ ጦር ሠራዊት በመድፍ በተናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1804፣ አሌክሳንደር 1ኛ አዲስ ሕግ አወጣ። ሰውን ያለ መሬት መሸጥ ተከለከለ፣ የሁዳድ ሥራው በመሬቱ ስፋትና ጥራት ልክ እየተለካ በመዝገብ ሰፈረ፣ ባለ ጎጆው ገበሬም የያዘውን እርሻ ለልጁ የማውረስ መብት አገኘ።

ታዲያ በ1819 አርነት ወጡ ይባል የለም?

ወጡ። ሕጉ የወጣው በ1819 ነው፤ በሩሲያ ራሷ ገባርነት የቀረው በ1861 ስለሆነ የሊቮኒያ ገበሬ አርባ ሁለት ዓመት ቀድሟል። ኤስትላንድ በ1816፣ ኩርላንድ በ1817 ተመሳሳይ ሕግ አግኝተዋል። ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ አጨብጭበው ያልፋሉ። የሕጉን ይዘት ያየ ሰው ግን ማጨብጨብ አይቸኩልም።

የ1819ኙ ሕግ ገበሬውን ነፃ ሲያወጣ መሬቱን በሙሉ የባላባቱ የግል ንብረት አደረገው። በ1804 የተሰጠው የማውረስ መብት በዚያው ተሰረዘ። ከእንግዲህ ጌታና ገበሬ «በነፃ ስምምነት» ይዋዋላሉ ተባለ። መሬቱ በሙሉ በአንዱ ወገን እጅ ሆኖ፣ ሌላው ወገን ከግዛቷ ያለ ፈቃድ መውጣት ተከልክሎ፣ ነፃ ስምምነት የሚባል ነገር ከየት ይመጣል? ገበሬው ገንዘብ ስለሌለው ኪራዩን የሚከፍለው በጉልበቱ ነበር፤ ማለትም ወደዚያው ሁዳድ ተመለሰ። የተለየው ነገር ቢኖር ባላባቱ ውሉ ሲያልቅ ሊያባርረው መቻሉ ነው። ትናንት ገባር የነበረው ዛሬ መሬት አልባ ጭሰኛ ሆነ። ቀጥቶ የማሳደር ሥልጣንም ከጌታው እጅ አልወጣም።

ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ነገር አለ። ገባሩ እስከዚያ ድረስ የሚጠራው በስሙና በሚኖርበት እርሻ ስም ብቻ ነበር። በ1820ዎቹ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የቤተሰብ ስም ተመዘገበለት። የዛሬ ላትቪያውያንና ኢስቶኒያውያን የዛፍ፣ የወፍ፣ የወንዝ ስም የሆኑ የቤተሰብ ስሞች ብዙዎቹ የተጻፉት በእነዚያ መዝገቦች ነው።

በ1840ዎቹ ከመቶ ሺህ በላይ ገበሬዎች ወደ ኦርቶዶክስ የገቡት ለምንድን ነው?

ተርበው ነበር፤ መሬትም ፈልገው ነበር። አዝመራው ተደጋግሞ ከሽፎ በ1841 «በደቡብ በኩል ሞቃት አገር አለ፣ ዛሩ ለተመዘገበ ሁሉ መሬት ይሰጣል» የሚል ወሬ ተናፈሰ። ገበሬዎች ለመመዝገብ ወደ ሪጋ ጎረፉ። አንዳንዶቹም አቤቱታቸውን ለኦርቶዶክሱ ጳጳስ ለኢሪናርክ አቀረቡ፤ ጳጳሱ በዚህ ሰበብ ከሪጋ ተነሣ። ከ1845 እስከ 1848 ባለው ጊዜ የዛሩን ሃይማኖት የያዘ የዛሩን መሬት ያገኛል ብለው ኦርቶዶክስ የሆኑት ከ100,000 በለጡ።

መሬቱ አልመጣም። ተስፋው ሲጨልም ወደ ሉተራን ቤተ ክርስቲያናቸው ለመመለስ የፈለጉ ብዙዎች ነበሩ፤ ሕጉ ግን ከኦርቶዶክስ መውጣትን ይከለክል ነበር። በልባቸው ሉተራን፣ በመዝገብ ኦርቶዶክስ ሆነው የኖሩ ቤተሰቦች ጉዳይ ለአሥርተ ዓመታት ሲያጨቃጭቅ ቆይቷል። እነዚያን ገበሬዎች በሃይማኖት ነጋዴነት የሚወቅሱ አሉ። እኔ አልወቅሳቸውም። የተዘጋ በር ሁሉ ፊት ቆሞ፣ አንዱ ገርበብ ያለ ሲመስለው የማይገፋ ሰው የለም።

ገበሬው መሬት መግዛት የጀመረው መቼ ነው?

በሃሚልካር ፎን ፎልከርዛም የሚመሩ ለዘብተኛ መኳንንት በ1849 ያስወጡት ሕግ መንገዱን ከፈተ። ከርስቱ ከፊሉ ለገበሬ ብቻ የሚከራይ ወይም የሚሸጥ ሆኖ ተከለለ፤ ባላባቱ ወደ ሁዳዱ ሊቀላቅለው አይችልም። ለግዢ የሚያበድር ባንክም ተቋቋመ። በ1866 የገበሬ ማኅበራት አስተዳደር ከባላባቱ ቁጥጥር ወጣ፤ በ1868 የጉልበት ኪራይ ቀረ።

የዓለም ገበያም አገዘ። በ1860ዎቹ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ጥጥ ሲጠፋ የተልባ ጭረት ዋጋ ሰማይ ነካ። በቪልያንዲ አካባቢ ተልባ የሚዘሩ ገበሬዎች በዚያ ገንዘብ እርሻቸውን ገዙ። ልጆቻቸውን ወደ ታርቱ ዩኒቨርሲቲ የላኩትም እንደ እነርሱ ያሉት ናቸው። መግዛት ያልቻለው ግን የቀን ሠራተኛ ሆኖ ቀረ፤ ቁጥሩም ጥቂት አልነበረም።

ይህን ያህል የተጨቆነ ገበሬ እንዴት ማንበብ ቻለ?

የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ቁርባን ለመቀበል ማንበብን ትጠይቅ ነበር። ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት በአብዛኛው እቤት፣ ከእናታቸው ጉልበት ሥር ነው፤ ቄሱ እየዞረ ይፈትናል። ከ1730ዎቹ ጀምሮ ከጀርመን የመጡ የሄርንሁት ወንድማማቾች የተባሉ የፕሮቴስታንት ማኅበር አባላት በገበሬው መንደር የጸሎት ቤት ሠርተው በአገሬው ቋንቋ መዝሙርና ንባብ አስተማሩ። መንግሥት በ1743 አገዳቸው፤ በሥውር ቀጠሉ። በ1897ቱ ቆጠራ በሊቮኒያ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በላይ ከሆኑት ከአሥር ዘጠኝ ያህሉ ማንበብ ይችሉ ነበር። በመላው ግዛተ ዐፄ ግን በዚያው ዕድሜ ካሉት ማንበብ የሚችሉት ከአሥር ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ማንበብና በኅብረት መዘመር አንድ ላይ ሆነው ሕዝብን ሕዝብ አደረጉት ብል ማጋነን አይሆንም። ዮሐን ቮልደማር ያንሰን በ1857 ፓርኑ ላይ በኢስቶንኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመረ። በ1869 ይኸው ሰው ታርቱ ላይ የመጀመሪያውን የኢስቶኒያ የመዝሙር በዓል አዘጋጀ። የመንግሥትን ፈቃድ ያገኘው በዓሉ የ1819ኙን አርነት ሃምሳኛ ዓመት ለማክበር ነው በሚል ነው። ከ800 የሚበልጡ ወንዶች በሕዝብ ፊት ቆመው በቋንቋቸው ዘመሩ። አባቶቻቸው ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በፊት ይሸጡ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ላትቪያውያን በ1873 ሪጋ ላይ ተከተሉ። በሁለቱ በዓላት ከተዘመሩት መካከል ዛሬ የየአገሮቹ ብሔራዊ መዝሙር የሆኑት ይገኛሉ።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አንድ ሰው አለ፤ አብራም ፔትሮቪች ጋኒባል፣ የአሌክሳንደር ፑሽኪን ቅድመ አያት። በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በኢስታንቡል በኩል ለታላቁ ጴጥሮስ የደረሰ ነው። በልማድ አቢሲኒያዊ ይባላል፤ የትውልድ ቦታውን ከመረብ ማዶ የሚያደርጉት አሉ፣ በዛሬዋ ካሜሩን የሚያደርጉትም አሉ፤ ክርክሩ አልተቋጨም።

ጋኒባል ከ1731 ጀምሮ በሊቮኒያ ወደብ በፓርኑ የምሽግ መሐንዲሶችን ሒሳብ አስተምሯል። ሁለተኛ ሚስቱ ክርስቲና የዚያች ከተማ ልጅ ናት። ከ1742 እስከ 1752 ደግሞ በጎረቤት ኤስትላንድ የሬቫል (የዛሬዋ ታሊን) ዋና አዛዥ ነበር፤ የፑሽኪን እናት አባት ኦሲፕ የተወለደውም እዚያው ነው። ስለ እሱ ከሚነገረው ሁሉ የሚነካኝ አንድ የኪራይ ውል ነው። ራጎላ የተባለ ርስቱን ለጀርመናዊ ተከራይ ሲሰጥ፣ ገበሬዎቹ እንዳይገረፉና የጉልበት ሥራቸው እንዳይጨመርባቸው በውሉ አስጻፈ። ተከራዩ ውሉን ሲጥስ ጋኒባል ጉዳዩን ፍርድ ቤት አድርሶ አፈረሰው። ሮዘን ገባሩ የጌታው ዕቃ ነው ብሎ ከጻፈ ገና ጥቂት ዓመታት ብቻ ማለፋቸው ነው።

«ሩሲያዊ የማድረግ» ፖሊሲ ማንን ጎዳ?

በመጀመሪያ ጀርመኖችን። አሌክሳንደር 3ኛ ሲነግሥ የመኳንንቱን የቆየ መብት ሳያጸድቅ ቀረ። በ1882 እና 1883 ሴናተር ማናሴይን ግዛቱን ሲመረምር ገበሬዎች በባላባቶቻቸው ላይ በሺዎች የሚቆጠር አቤቱታ አቀረቡለት፤ ዛሩ ከጌቶች ያድነናል ብለው ነበር። ፖሊስና ፍርድ ቤት በ1888 እና 1889 በሩሲያ ሥርዓት ተተኩ። የገበሬው ልጅም ግን ከዚያ ወዲያ ትምህርቱን የሚማረው በሩሲያኛ ሆነ፤ ሕፃናት የማያውቁትን ቋንቋ መሸምደድ ጀመሩ። በ1893 የታርቱ ከተማ ዩሪዬቭ ተባለች፤ በጀርመንኛ ያስተምር የነበረው ዩኒቨርሲቲም ወደ ሩሲያኛ ተዛወረ። የመሬት ጉዳይና የመኳንንቱ ጉባኤ ግን ሳይነኩ ቀሩ። ቋንቋውን ለውጦ ሁዳዱን መተው ለገበሬው ምን ይፈይዳል?

1905 ላይ ምን ሆነ?

የተጠራቀመው ፈነዳ። ሪጋ በዚያን ጊዜ ትልቅ የኢንዱስትሪ ከተማ ሆና ነበር። በ1857 የጀመረው የግንብ አጥር ማፍረስ ከተማዋን ከፈታት፣ በ1861 የባቡር ሐዲድ ደረሰላት፣ የጎማ፣ የፉርጎና የማሽን ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ ከገጠር የፈለሰው ላትቪያዊ በእነዚህ ውስጥ ይሠራ ነበር። በጥር ወር ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ሠልፈኞች ከተገደሉ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ የሪጋ ሠራተኞች ሠልፍ ሲወጡ በዳውጋቫ ወንዝ ዳር ወታደሮች ተኮሱባቸው። ከ70 በላይ ሰው ሞተ።

በዓመቱ መጨረሻ እሳቱ ገጠር ገባ። በሊቮኒያና በኩርላንድ በመቶዎች የሚቆጠሩ የባላባት ቤቶች ተቃጠሉ፤ ቤተ መጻሕፍትና የዕዳ መዝገብ አብረው ነደዱ። በሴንት ፒተርስበርግ ትእዛዝ የተላከው የቅጣት ጦር ያለ ፍርድ ረሸነ፣ ገረፈ፣ እርሻ አቃጠለ፤ ብዙዎችን ወደ ሳይቤሪያ አጋዘ። ማቃጠሉን ማወደስ አልፈልግም፤ የጠፋው ሰነድና ቅርስ የሚያሳዝን ነው። ይሁን እንጂ መነሻው 1905 ሳይሆን 1819 ነው። አርነት ሰጥቶ መሬት የነሣ ሕግ ለልጅ ልጅ ያወረሰው ቂም ነበር።

የሩሲያ አገዛዝ እንዴት አበቃ?

በአንደኛው የዓለም ጦርነት። በ1915 ጀርመኖች ኩርላንድን ሲይዙ የሪጋ ፋብሪካዎች ማሽንና ሠራተኛቸውን ጭነው ወደ ሩሲያ ውስጥ ሸሹ፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የነበራት ከተማ ከግማሽ በላይ ሰዋን አጣች። በ1917 የዛሩ መንግሥት ሲወድቅ ጊዜያዊው መንግሥት ሊቮኒያን በቋንቋ መሥመር ለሁለት ከፍሎ ሰሜኑን ከኤስትላንድ ጋር ቀላቀለ። በዚያው ዓመት መስከረም ሪጋ በጀርመን እጅ ወደቀች። ኢስቶኒያ በየካቲት 1918፣ ላትቪያ በኅዳር 1918 ነፃነታቸውን አወጁ።

መኳንንቱስ የት ደረሱ?

አዲሶቹ መንግሥታት መጀመሪያ ካደረጉት ነገር አንዱ የመሬት አዋጅ ነው፤ ኢስቶኒያ በ1919፣ ላትቪያ በ1920። ትልልቆቹ ርስቶች ተወርሰው ለጭሰኞች፣ ለመሬት አልባዎችና ለዘመቱ ወታደሮች ተከፋፈሉ። በላትቪያ የቀድሞው ባለ ርስት 50 ሄክታር ገደማ ብቻ ተተወለት። ከ1939 ጀምሮ ደግሞ፣ ሂትለርና ስታሊን ምሥራቅ አውሮፓን ከተከፋፈሉ በኋላ፣ የባልቲክ ጀርመኖች ጀርመን በያዘቻቸው ግዛቶች እንዲሰፍሩ ተጠርተው አብዛኞቹ ሄዱ። የሠሯቸው የርስት ቤቶች ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ሆነዋል።

የድሮዎቹ የከተማ ስሞች ለምን ከዛሬው ካርታ ጋር አይገጥሙም?

የዘመኑ ሰነዶች የሚጠቀሙት የጀርመንኛውን ስም ስለሆነ ነው። ዶርፓት የዛሬዋ ታርቱ፣ ፔርናው ፓርኑ፣ ፌሊን ቪልያንዲ፣ ቬንደን ጼሲስ፣ ቮልማር ቫልሚየራ ናቸው። ቫልክ የምትባለው ከተማ በ1920 እንግሊዛዊው ኮሎኔል ታለንትስ በመካከሏ ባሰመረው ድንበር ስለተከፈለች፣ የኢስቶኒያው ወገን ቫልጋ፣ የላትቪያው ወገን ቫልካ ይባላል።